ሠላሳ ሰባተኛው ወጥመድ

ጀልባዬን ገልብጬ፣ መረቤን ሰቅዬ፣
የኅዳር ባሕር አብዶ፣ ሥራ ፈት ነኝ ብዬ፣
ኢሽቤልን አገኘኋት፤ ሣጥኗ ሙሉ ቆርቆሮ፣
ስድሳ ትንንሽ ወጥመድ በውስጡ ታጉሮ።
«ተሸከምልኝ» አለች፣ «አይጥ ልንይዝ ነው።»
ሳቅሁ። በእኛ ደሴት፣ በሄልሳይ፣ አይጥ የሚያዘው
ሊገደል ብቻ ነው።

እናቴ በመጥረጊያ፣ አባቴ በጫማ፣
እኔ በመቅዘፊያ ጫፍ፣ ኮሽታ ስሰማ፤
ዓይኑን አይተን አናውቅ፣ ክብደቱን መዝነን፣
ከደጅ እንጥላለን ጭራውን ይዘን።

ከወደቡ በስተምዕራብ ሰው የለቀቀው መንደር፣
ጣሪያው ባሕር ገብቶ ካቡ ብቻ ሲቀር፤
ሰዎቹ ሲሄዱ (የአባቴ አባት ሕፃን ነበር)
የቤት አይጧ አለቀች፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ፣ ፍርፋሪ ሲቸግር።
የዱሯ ግን ገባች ከሣሩ፣ ከሳማው፣
ሰው የተወውን ቤት ያለ ቁልፍ ወረሰችው።

እዚያ ነው የጠመድነው፣ በየካቡ ሥር።
ድርቆሽ ለመኝታዋ፣ አጃ ለእራቷ፣
ቁራጭ ካሮት ደግሞ፣ ውሃ ለጥማቷ።
«እንግዳ ናት» ትላለች ኢሽቤል፣ «እስረኛ አይደለችም፤
ብርድ ከገደላት ግን እጃችን አይነጻም።»

ጎሕ ሳይቀድ እንዞራለን፣ መብራት ግንባራችን ላይ።
በሩ የተዘጋ ካለ፣ ገና ሳልከፍት፣
ክብደቱን በእጄ እሰማለሁ፤
የዳቦ ቁራሽ የሚያህል አንዳች ነገር ሲንሸራተት።
ወደ ከረጢት። ወደ ሚዛን። አርባ አንድ ግራም።
ሴት። ቁንጫ አለባት፣ ቁስል የለባትም።
ከጀርባዋ ጠጉር በመቀስ ቆረጥ፣ ለምልክት፤
«ጻፍ» ትለኛለች፤ እጽፋለሁ በእርሳስ፣
ዓሣ ዓሣ በሚሸት ጣት።

አርባ አንድ ግራሟ፣ ግራ ጆሮዋ ቁራሽ ያጣው፣
በአራት ሌሊት አራት ጊዜ፣ ካቡ ከተናደበት፣
ሠላሳ ሰባተኛው ወጥመድ ውስጥ ናት።
ስትለቀቅ አትሮጥም። ትቀመጣለች ጫማዬ ላይ፤
ሒሳቧን እንደ ከፈለች ደንበኛ ጺሟን ጠርጋ፣
የውጭውን አየር ልታይ።
አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይሉ የለ፤
ድመት በሌለበት ጣቴን አሸተተች፣
የአጃ ሽታ ስላለ።

በሰባተኛው ቀን ጭጋግ።
ካብ ከበግ የማይለይበት።
ኢሽቤል በትኩሳት ተኝታ፣ እኔ ብቻዬን፣
እየዳሰስሁ ስቆጥር፣ ስድሳ ሞላልኝ።
ሠላሳ ስድስትን ሁለቴ ቆጥሬው ኖሯል።
ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሾርባዬን ጠጣሁ፤
ራዲዮ ሰማሁ፤ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግሥቱ ከፈትሁት።
ድርቆሹን እንደ ጎጆ አክብባ፣ መሐሉን ለራሷ፣
አጃው አልቋል፣ ካሮቱ አልቋል፣
ጭራዋን ጠምጥማ እስከ ራሷ።
ሚዛኑ ሠላሳ ሦስት አለ፤
ስምንቱን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በልቶታል።

ኢሽቤል፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ፣ ምንም አልተናገረችም።
«ሞታ ተገኘች» ብላ ጻፈች፤ ቀጥሎ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ፤
እርሳሱን ለእኔ ሰጠችኝ።
ያን ጊዜ ካቡ ላይ አንዲት ድንቢጥ፣ ጭራዋን ሽቅብ ሰቅላ፣
ከቁመቷ በላይ ጮኸች፣ ጮኸች፣ አላቆመችም።
የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሲባል
ቀልድ ይመስለኝ ነበር።
«ብርድ» ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁት።
«ቆጣሪው» ብዬ ጻፍሁ።
ድንቢጧ ግን ዝም አላለችም።

ባሕሩ ልብ ሲገዛ ወደ መረቤ ተመለስሁ።
ሰሞኑን ሚስቴ ወጥመድ ገዝታለች፣ አንገት የሚቀጨውን፤
አልከለከልኋትም። ዱቄቱ የልጆቻችን ነው።
ብቻ ከመተኛቴ በፊት ጓዳ ገብቼ እቆጥራለሁ፦
አንድ።
ጠዋትም፣ ባሕሩን ከማየቴ በፊት፣
እሱን ነው የማየው።